የጠገበ ቆዳ

ሰኞ 5

ጻፊ ያለችኝ ዶክተሯ ደንበኛዬ ናት። መኪናዋን ልትወስድ መጥታ ወንበሩን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና፣ «እትዬ፣ ማታ ማታ የዋሉበትን ለምን አይጽፉም? ሁለት መስመርም ቢሆን» አለችኝ። ምን ታይቷት እንደሆነ እንጃ። ወሬ እንደምወድ አይታ፣ ጎረቤት ከምታደነቁር ወረቀት ታደንቁር ብላ ይሆናል። ደግሞ በጨዋታ መሀል ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ ቁርስ ምን በሉ ትለኛለች። ቀኑን ልጅቱ ናት ከኋላዬ ሆና የመለሰችልኝ። እጁ አረፋ ውስጥ የዋለ ሰው ቀን ይቆጥራል እንዴ?

ደብተሩንም የገዛችልኝ ልጅቱ ናት። ልጅቱ ስል የእህቴ ልጅ። እናቷ ስትሞት ገና የወተት ጥርሷ እየወለቀ ነበር። እኔው አሳደግኳት፣ እኔው እጇን ይዤ ቆዳ አስነካኋት፣ ይኸው አሁን የመኪና ወንበር የምናጥብበትን ሱቅ እኩል ይዘነዋል። ስሟን ትቼ «መስመር» ነው የምላት። ቆዳውን ክሬም ስትመግብ እጇ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ልክ ግድግዳ እንደሚቀባ ሰው። ቆዳ የሚመገበው ክብ ክብ እየተደረገ ነው፣ የሕፃን ሆድ እንደሚታሸው። ይህን እየነገርኳት አረጀሁ። «አክስቴ፣ ለቆዳው ያው ነው» ትለኛለች። ያው አይደለም! ፀሐይ በጎን ስታርፍበት የኔ ወንበርና የሷ ወንበር ከሩቅ ይለያል። የኔ ክብ፣ የሷ መስመር።

ዝናቡ ገብቷል። በዝናብ ወንበር አይደርቅም፣ ጨርቅ አይደርቅም፣ ሁሉም ነገር ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ከጎናችን ያለው መካኒክ ደጁ ላይ ደንበኞቹን የሚያስቀምጥበት የኋላ ወንበር አለው። ከሞተ መኪና የነቀለው፣ ጥጉ በሲጋራ የተበሳ። ዝናብ ሲጠጣ አየሁትና አንጀቴን በላኝ። «ምናለ ወደ ውስጥ ብታስገባው?» ስለው፣ «እትዬ፣ እሱ እኮ ጡረታ ወጥቷል፤ ገላውን ይታጠብበት» አለኝ። ይህን ሰው «ብሎን» ነው የምለው። ኪሱ ውስጥ ብሎን አይጠፋም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደግሞ አንዷ ላልታለች።

ሐሙስ 8፣ በሥራ መሀል

ቸኩያለሁ። ሁለት መኪና ቆሟል። አንዱ ሕፃን ያስታወከበት። ስፌት ውስጥ የገባ ወተት ጠላትህንም አይግጠመው።

ክሬሙ አልቋል። ሰኞ የከፈትነው ቆርቆሮ! ታጥቦ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። «መስመር፣ በዳቦ ትበዪዋለሽ እንዴ?» ብላት ባዶውን ቆርቆሮ ተቀብላኝ ወጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

አዲስ ከፈትኩ። ይቺን እንኳ በዓይኔ ነው የምጠብቃት።

ለዶክተሯ ልደውል ነበር። ለምን እንደሆነ… ይመጣልኛል።

ቅዳሜ 10

በዚህ ሳምንት ወንበሩን ያጠብንለት ጠበቃ ተመልሶ መጣ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ «እትዬ፣ ከወንበሬ ጋር አጋብተውኛል፤ ፍቺ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለ። ሱሪው ከኋላ በቅባት ወርዝቷል። ወንበሩን ስነካው እጄ ላይ ተለጠፈ። ክው አልኩ።

ነገሩ ለማያውቅም ግልጽ ነው። ቆዳ ከታጠበ በኋላ ይጠማዋል። አንዲት ጠብታ ውሃ ጣል ሲደረግበት ጠብታዋ ሰምጣ ከጠፋች፣ ጠምቶታል፣ ክሬሙን ይብላ። ጠብታዋ ክብ ሆና ቁጭ ካለች ጠግቧልና እጅን መሰብሰብ ነው። በጠገበ ላይ የመገቡት ቆዳ ይልፈሰፈሳል፣ ስፌቱ ይላላል፣ የበላውን ቅባት የተቀመጠበት ሰው ላይ መልሶ ይተፋዋል። ይህ ወንበር ጠግቦ፣ ደግሞ ተመግቦ፣ ደግሞ ተመግቦ ነው።

ልጅቱን አየኋት። እሷም አየችኝ። ከዚያ ወደ ጠበቃው ዞራ፣ «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ። ረስቼ ደግሜ መግቤው ነው» አለች። ደንበኛ ፊት ነው የተቆጣኋት። «በዚህ ዕድሜሽ መርሳት ምንድን ነው? ፍቅር ይዞሻል?» አልኳት። ወለሉን ታያለች። ጠበቃው ራሱ አፍሮ «ይተዉ እንጂ» አለኝ።

ሰው ፊት መናገር አልነበረብኝም። እናቷም እንዲህ ነበረች፣ ሲቆጧት ጫማዋን የምታይ።

አንድ ነገር ግን ደስ ብሎኛል። ጨርቅ ይዤ ትርፉን ቅባት ስጠርግለት ፀሐይ ብልጭ አለችና ወንበሩ ላይ ክቦቹን አየሁ፣ ትንንሽ፣ ልቅም ያሉ። ይቺ ልጅ ስንት ዓመት ለምኛት እንቢ ያለችውን አሁን ገና መማር ጀምራለች። ቁጣዬን ግማሽ አበረደልኝ።

ማክሰኞ 13

ጉድ ሰማሁ! እንዲህ ያለውን ነገር ከወረቀት በቀር ለማን እነግራለሁ።

ከሱቁ ጀርባ ጨርቅ ላሰጣ ወጥቼ ልጅቱና ብሎን ግድግዳው ማዶ ሲያወሩ ጆሮዬ ገባ። ጆሮዬን እኔ አልላክሁትም፤ ራሱ ሄደ።

«እስከ መቼ ትሸፍኚያለሽ?» ይላታል። «ዛሬ ባይታይ ነገ መታየቱ አይቀርም።»

«ቀስ በል፣ ትሰማሃለች።»

«ትስማ! ለሷም እኮ ብታውቀው ነው የሚሻለው።»

«እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? አንተ ንገራት እስቲ፣ ወንድ ከሆንክ!» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። አለቀሰች።

ወገቤን ይዤ ቆምኩ። ምኑ ይጠፋኛል! የምትሸፍነው፣ ውሎ አድሮ የሚታይ፣ ለአክስት የማይነገር ነገር ምን እንደሆነ አንድ ሴት ሳይነግሯት ታውቃለች። አርግዛለች። ያውም ከዚህ! ዕድሜ ልኩን የሰው ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ ሰው የኔን ቤት ሊያላላው ነው።

ልቆጣ ነበር፤ አልቆጣሁም። ክሬም የምትረሳው፣ የማትስቀው ለካ ለዚህ ነው። ምስኪን። ከነገ ጀምሮ ወተት እገዛላታለሁ፣ ከባድ ባልዲ አታነሳም። እስክትነግረኝ ዝም ነው።

ብቻ አንድ ነገር ያስፈራኛል። ከወለደች የራሷን ቤት ትይዛለች። ሱቁን ከማን ጋር እይዘዋለሁ? ማታስ ከማን ጋር አወራለሁ? እኔ እኮ ያለሷ ማንም የለኝም።

ዓርብ 16

ልጅቱን «መስመር» ነው የምላት፤ ጽፌው ነበር? ክሬም ስትመግብ እጇ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ልክ ግድግዳ እንደሚቀባ ሰው። ስንት ዓመት ነገርኳት።

ለስላሳው ብሩሽ ጠፍቶ ስንፈልግ ዋልን። ብሎንን ጠረጠርኩት፤ ሄጄም በደንበኞቹ ፊት ነገርኩት። «እትዬ፣ እኔ ጥርሴንም የምቦርሸው በሽቦ ነው» ብሎ አሳቀብኝ። ኋላ ብሩሹ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ተገኘ። እሱ ነው ያስገባው። ለቀልድ።

አዲሱም ክሬም አልቋል።

ልጅቱ ዛሬ ብርጭቆ ይዛ፣ «አክስቴ፣ ሰሞኑን ወተት ወተት የምትዪኝ ለምንድን ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ምክንያት ነበረኝ፤ ጥሩ ምክንያት ነበረኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ለአጥንት ነው» አልኳት። ጠጣችው። እየጠጣች በብርጭቆው ጠርዝ ታየኛለች።

እሑድ 18

ደክሞኛል፣ ግን ደስ የሚል ድካም። የሙሽራ መኪና የሚያከራየው ሰውዬ ነጩን መኪናውን አምጥቶልናል። ነጭ ቆዳ! የመጨረሻው ሠርግ ላይ ሚዜዎቹ ጂንስ ለብሰው ገብተውበት ሰማያዊ ቀለም ለቆበታል። ቅዳሜ ሙሽራ ይጫንበታል። «ነጭ እንደ ወረቀት ካላደረጋችሁት ሠርጉ ላይ እኔው ነኝ የማለቅሰው» አለን።

እሑዳችንን ሰዋንለት። አረፋውን በስፖንጅ አፍልቶ፣ ቆዳው ላይ ሳይሆን ብሩሹ ላይ አድርጎ፣ ቀስ። አንዴ በርትተህ ከፈተግህ ቀለሙ ይነሳል። እኔ የፊቱን፣ ልጅቱ የኋላውን ይዘን ስንፈትግ፣ በረጠበ ጨርቅ ስናነሳ፣ ስንፈትግ ዋልን። ሰማያዊው እየገረጣ እየገረጣ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ አደረቅነው፣ ጠብታ ጣልንበት፣ ሰመጠች፤ መገብነው። ልጅቱ ሱቁን ልትቆልፍ ስትል ትከሻዬን ያዘችኝ።

«አክስቴ፣ ነጩ ጠግቧል። እሺ? ነገ እንዳትነኪው።»

«ማንን ነው አትንኪ የምትዪው? አንቺ ጥርስ ሳታበቅዪ እኔ ቆዳ አበላ ነበር።»

«አውቃለሁ። ብቻ አትንኪው። ንገሪኝ፣ ምን አልኩሽ?»

«አትንኪው አልሽኝ! ምን ሆነሻል?»

ሳቀች፣ አቀፈችኝ። ትኩሳት አላት መሰለኝ፤ ጉንጯ ይፋጃል።

ሰኞ 19

ልጅቱን ጉንፋን ጣላት። ሻይ አፍልቼላት፣ ብርድ ልብስ ደራርቤላት ብቻዬን ሱቅ ገባሁ።

ነጩ መኪና ቆሟል። የተፈተገ፣ ንጹሕ፣ ግን የደረቀ ሆኖ ታየኝ። ይቺ ልጅ አጥባው ሳትመግበው ነው የሄደችው! ለነገሩ ታማ ነው። ጠብታ ምን ያደርግልኛል፣ ዓይኔ እያየ። እኔው መገብሁት። ምንም አልላትም፤ ታሞ ለተኛ ሰው ጥፋቱ አይነገርም።

ማክሰኞ 20፣ በችኮላ

ልጅቱ ዛሬም አልተነሳችም። ሰውዬው ነጩን ነገ ጠዋት ሊወስድ ነው ብሎ ደወለ። እኔ ደግሞ ገና አልመገብሁትም! ጉድ ልሆን ነበር። ሁሉን ጥዬ እሱን ያዝሁ። በደንብ ነው ያበላሁት። ሙሽራ የምትቀመጥበት ነው።

እሑድ 25

አልጽፍም ብዬ ነበር።

ጠዋት የሙሽራ መኪናው ሰውዬ መጣ። ከኋላው የሙሽራዋ ታላቅ እህት፣ ቬሎውን እንደ ሬሳ በሁለት ክንዷ ታቅፋ። ደጃችን ላይ ዘረጋችው። ከወገቡ በታች ቢጫ። ቅባት ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል፣ ክብ ክብ እያለ፣ የሆነ ጌጥ የታተመበት ነው የሚመስለው።

«እህቴ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ ዋለች» አለችን። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ፎቶ አንሺው ዙሪ ሲላት ታለቅሳለች። አንድም የጀርባ ፎቶ የላትም። ከባሏ ጋር ለመጨፈር እንኳ አልተነሳችም።»

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቱ። ገና ድምፅዋ ከጉንፋኑ አልጠራም። «ሙሉ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ብሎን ከጋራዡ ወጥቶ ነበር። «አንቺ እኮ ታመሽ ተኝተሽ…» ብሎ ሲጀምር ልጅቱ ዞራ አየችው። አፉን ዘጋ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ውስጤ የነበረው ሁሉ ወጣ። ምን ምን እንዳልኳት መጻፍ አልፈልግም። ግን እጽፋለሁ። «ሱቄን ልታፈርሺ ነው የተነሳሽው። ሰልችቼሻለሁ፤ ከዚህ ቀልደኛ ጋር ሆነሽ ልትወስጂው ነው» አልኳት። «እናትሽ ይህን ሳታይ መሞቷ ጠቀማት» አልኳት። ይህን አልኩ። የእህቴን ልጅ።

«ቁልፉን አስቀምጪ» አልኳት።

አልተከራከረችም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና፣ «አክስቴ፣ ማታ ምድጃውን አጥፍተሽ ተኚ» አለችኝ። ያ ብቻ ነው። ዝናቡ ውስጥ ገባች። ጃንጥላዋ እዚህ ቀርቷል።

ረቡዕ 28

ቤቱ ጭው ይላል።

ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ ሆኖ ውሃው አልቆ ጠቁሯል። ጥሩ ማንቆርቆሪያ ነበር።

ሁለት ሰሃን አውጥቼ አንዱን መለስኩ።

ብሎን በደጄ ሲያልፍ ሰላም አይለኝም። እኔም አልለውም። ልጅቱ የት እንደሆነች ያውቃል። አልጠይቀውም። ልጠይቀው ወጥቼ ተመለስኩ። ስወጣ ምን ልጠይቀው እንደነበር አውቅ ነበር።

መልካም ልጅ ነበረች። ለምን አጠፋች?

ዓርብ 30

ዶክተሯ መኪናዋን ትናንት አምጥታ እዚህ አሳድራዋለች። ዛሬ ሱቁን ከፍቼ ገባሁ። ወንበሩን ልመግብ እጄን አሳረፍኩበት፤ ተለጠፈ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ልጅቱን መጥራት ነው። «መስመር!» ብዬ ጮህኩ እኮ። ባዶ ሱቅ ውስጥ።

ከዚያ ቆምኩ። ልጅቱ የለችም። ሁለቱም ቁልፍ፣ የኔም የሷም፣ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው ያደረው። ማን ገባ? ማንም አልገባም። ጠብታ ጣልኩ። ጠብታዋ ክብ ሆና ቁጭ አለች። ጎንበስ አልኩና በመስኮቱ ብርሃን በጎን አየሁት።

ክብ። ክብ። ክብ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ክብ። አንድም መስመር የለበትም።

ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። የጠበቃውም ወንበር ክብ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር በዚያ። ቬሎውም ላይ የታተመው ክብ ነበር፤ ጌጥ ነው ብዬ ነበር። ቀጥ ያለ እጅ ያላት ልጅ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ስትል፣ ስትሰደብ፣ ስትባረር፣ የሷ እጅ እዚያ ውስጥ አልነበረም። የምትሸፍነው እኔን ነው። ግድግዳው ማዶ ያለቀሰችው ለኔ ነው።

ዶክተሯ ስትመጣ እዚያው ወለሉ ላይ አገኘችኝ። አጠገቤ ቁጭ አለች፣ በነጭ ጋውኗ። «እትዬ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለችኝ።

«ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ» አልኳት። ከኋላዬ ሆኖ የሚመልስልኝ ሰው አልነበረም።

እጄን ያዘችኝ። ይቺ ሐኪም ቁርሴን ስትጠይቀኝ ምን እየፈለገች እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። «ይድናል?» አልኳት። እጄን ጠበቅ አደረገችው፣ መልሱ ያ ነው። «ምልክቱን ከልጅቱ ሰምቼ ነበር» አለችኝ። «እንድትነግርዎ ብመክራትም አልቻለችም። ልቧ አላምን ብሎ ነው።»

እጄ ሥራውን ያውቃል። መሥራቱን የሚያውቀው ነው የጠፋኝ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይታጠባል? ቆሻሻ ቢሆን አወጣው ነበር። ቀለም ቢሆን አወጣው ነበር።

ሰኞ 3

ብሎንን ደጁ ላይ አገኘሁትና፣ «ውሰደኝ» አልኩት። ወዴት አላለኝም። የመኪናውን በር ከፈተልኝ። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ብሩሹን ኪስዎ ውስጥ እኔ አይደለሁም የከተትኩት» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። «ለነገሩ እኔ ነኝ ብል ይሻል ነበር» አለ።

ልጅቱ ጓደኛዋ ቤት ናት፣ አንድ ክፍል፣ ከአልጋው ጎን መሬት ላይ ፍራሽ። በሩን ከፍታ ስታየኝ መጀመሪያ ያለችው፣ «ምድጃውን አጥፍተሽ ነው የመጣሽው?» ነው። በዚያ ነው የፈረስሁት። ይቅር በይኝ ለማለት የመጣሁበት ሁሉ ቃል ጠፋኝ። ይህኛው መጥፋት እንኳ የማንም ነው፤ ማንም ሰው ይጠፋዋል።

ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ስለ እናትሽ ያልኩትን…»

«አልሰማሁትም» አለችኝ። ውሸታም። እናቷም ውሸት አትችልም ነበር።

«ስሚኝ፤ አሁን ገና ጭንቅላቴ እያለ ልንገርሽ። ከእንግዲህ የሰው መኪና እንዳታስነኪኝ። ባለቅስም፣ ብሳደብም፣ ጥርስ ሳታበቅዪ ብዬ ብፎክርም።»

«እሺ።»

«ግን እጄን ሥራ አታስፈቺው። እሱ ከቆመ እኔ የለሁም።»

«እሺ አክስቴ።»

«ደግሞ እኔ ላጠፋሁት እኔ ነኝ እንዳትዪ። ይብቃሽ።»

ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። «እሱን ግን ቃል አልገባልሽም» አለችኝ።

ሐሙስ (ልጅቱ ዓርብ ነው ትላለች)

ተመልሳለች። ቤቱ ድምፅ አለው።

መኪና ይመጣል፣ ትሠራለች። እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አፌን ልከፍት እልና እዘጋዋለሁ። ለቆዳው ያው ነው፤ እውነቷን ነው። ጠብታውን አይታ እጇን ትሰበስባለች። ወንበሯ ደረቅ፣ ልዝብ፣ ሰው የማያበላሽ። እኔ ስንት ዓመት ስቄባታለሁ።

እጄ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። የሰው እጅ ነው የሚመስለው። ቆየት ብዬ ሳየው ቀሚሴን ክብ ክብ ያደርጋል። ማንም አላዘዘውም።

ጠበቃው መጥቶ፣ «እትዬ፣ ጡረታ ወጡ እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁለት። ሲሄድ ልጅቱን፣ «ማን ነው?» አልኳት።

ዝናብ ነው

ሌሊቱን ተነስቼ ልሄድ ነበር አሉ። ጫማዬን አድርጌ። ሱቁ ውስጥ ሙሽራ እየጠበቀችኝ ነው እያልኩ። አላስታውስም። ልጅቱ በር ላይ ፍራሽ አንጥፋለች፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ነው የምትተኛው።

ሕይወቷን ደጄ ላይ አነጠፈችልኝ። ልጅ ናት። ማግባት አለባት። እንዲህ ከሆንኩ ለምን ቶሎ… አልጽፈውም። ብታነበው ትሰበራለች።

ነገ ወተት ልግዛላት።

ቀኑን አላወቅሁትም፣ ፀሐይ ግን ወጥታለች

ዛሬ ትልቅ ሥራ መጣልኝ!

ልጅቱና መካኒኩ ጎረቤታችን ተሸክመው መስኮቱ ሥር አቆሙልኝ። የኋላ ወንበር ነው፣ ከመኪናው ተፈትቶ የመጣ። «አክስቴ፣ የአንድ ትልቅ ሰው ነው። ከአክስትሽ በቀር ማንም እንዳይነካብኝ ብሎ ነው የላከው» አለችኝ ልጅቱ። አዲስ ሽርጥ አስራልኛለች። መካኒኩ ሌላ ጊዜ ቀልደኛ ነው፤ ዛሬ ዝም ብሎ ዓይኑን ሲጠራርግ ነበር። የጋራዥ ጭስ አይጣል ነው።

ጥሩ ቆዳ ነው፤ የድሮ፣ ወፍራም። ዝናብ መትቶት ያውቃል። ባለቤቱ አጫሽ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥጉ በሲጋራ ተበስቷል። ትልልቅ ሰዎች ሲባሉ ንብረት አያያዝ አይችሉም።

ከመጀመሬ በፊት እንደ ደንቡ ጠብታዬን ጣል አደረግሁ። ክብ ሆና ቁጭ አለች። ቆየሁ፤ አልሰመጠችም። ይሄ ወንበር ጠግቧል። ጠግቦ ሊተፋ ደርሷል። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም ሰው መግቦታል። ሌላ ማን አለ? ልጅቱ ናት።

ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፣ ጨርቁን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጫማዋን እያየች። እናቷን ቁርጥ። የእንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ወንበር ማበላሸቷን ብነግራት መግቢያ ቀዳዳ ታጣለች። ልጅ ናት፤ ትማረዋለች። ጠብታዋን በአውራ ጣቴ ጠረግኋት።

«እንዴት ነው ቆዳው፣ አክስቴ?»

«ጠምቶታል» አልኳት።

ፊቷ በራ።

ደረቅ ጨርቅ አነሳሁና፣ ክሬሙ ውስጥ ሳልነክረው፣ ክብ ክብ ማድረግ ጀመርኩ።